ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ላይ ስኪ፦ ጣት ሳይገብሩ መደሰት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ነው። አሁን በካናዳ ካልጋሪ ከተማ ትምህርት ላይ ነኝ፤ ለገናና ለጥምቀት ቤተሰቦቼ ጋ መጥቻለሁ። ባለፈው ዓመት ስኪ፣ ማለትም በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ጀምሬ ወድጄዋለሁ፤ ቀላል ቁልቁለቶችን ያለ ችግር እወርዳለሁ። እንደተመለስኩ በጥር መጨረሻ ከጓደኞቼ ጋር ሌክ ልዊዝ ወደሚባለው የሮኪ ተራሮች ስኪ ሥፍራ ልንሄድ ቦታ ይዘናል። ብርዱ ከዜሮ በታች 28 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሏል። እናቴ «ጣትሽን ለፈረንጅ በረዶ ልትገብሪ ነው?» እያለች ትቆጣኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ «ምርጡ ቀን እንዲያውም እሱ ነው» ይላሉ። የማንን ልስማ? አብራኝ የምትሄደው የክፍል ጓደኛዬ አስም አለባት፤ ስለ እሷም ቢነግሩኝ።

ምላሽ፦ እናትሽ ስለ ጣቶችሽ መስጋታቸው ልክ ነው፤ ጓደኞችሽም ስለ ቀኑ የሚሉት ልክ ነው። በዚያ ብርድ ስኪ መንሸራተት ይቻላል፤ በእኔ ግምት ከብዙ ለስላሳ ቀኖች ይልቅ ያስደስታል። ደስታው የሚገኘው ግን ቀኑን ብርዱ በሚፈቅደው ልክ ቆራርጦ በማዋል ነው። በሮኪ ተራሮች አቅራቢያ በድንገተኛ ሕክምና ክፍል በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ውርጭ የመታው ጣትና ጆሮ ይዘው ከሚመጡት መካከል ልብስ ያነሳቸው ጥቂቶች ነበሩ። አብዛኞቹ ጥሩ ለብሰው «አንድ ዙር ብቻ ልጨምር» ያሉ ሰዎች ናቸው።

የጎንደር ልጅ በመሆንሽ ስለ ብርድ የምታውቂው ከምታስቢው በላይ ነው። ጥር 11 ማለዳ ውኃው ከተባረከ በኋላ ወደ ፋሲለደስ መጠመቂያ እየዘለሉ የሚገቡትን ወጣቶች አይተሻል። በዚያ ሰዓት አየሩ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሰው ቆሞ ያስቀድስበታል። ከውኃው የወጣው ግን ጥርሱ ይፋጫል። አየሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የሰውዬው ልብስ ነው። ውኃ ሙቀትን ከቆዳ ላይ የሚወስደው ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ነው፤ የረጠበ ልብስም ሰውዬው ወደ ቤቱ እስኪገባ ድረስ ሥራውን ይቀጥላል። ተራራው ላይ የሚጎዳሽም ቴርሞሜትሩ ብቻውን አይደለም፤ ነፋስ፣ እርጥበትና ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ከብርዱ ጋር ሲያብሩ ነው። እነዚህን ሦስቱን ካስወገድሽ 28 ዲግሪው የሚፈራ ቁጥር መሆኑ ይቀራል።

ከነፋሱ ልጀምር። ሰውነትሽ ቆዳሽ ላይ ያለውን ስስ አየር አሙቆ ይይዛል፤ ነፋስ ያንን አየር ገፍፎ ይወስደዋል። በካናዳና በአሜሪካ ትንበያ ላይ ከሙቀቱ ጎን «የሚሰማው ብርድ» ተብሎ የሚጻፈው ሁለተኛ ቁጥር ይህን ለመንገር ነው፤ አሁን ሥራ ላይ ያለው ስሌት እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የመጣ ነው። በዚህ ስሌት ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመር ከዜሮ በታች 33 ይሆናል። ከዜሮ በታች 25 ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ከዜሮ በታች 41 ይደርሳል። የካናዳ የአየር ትንበያ ክፍል እንደሚያስጠነቅቀው ይህ ሁለተኛ ቁጥር ከዜሮ በታች ከ28 እስከ 39 ሲሆን ያልተሸፈነ ቆዳን ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ውርጭ ሊመታው ይችላል፤ ከ40 እስከ 47 ሲሆን ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የእኔ ድንበር ግልጽ ነው፦ ሁለተኛው ቁጥር ከዜሮ በታች 40 ካለፈ ስኪ የለም፤ በሆቴሉ መስኮት ተራራውን እያዩ ሻይ መጠጣት ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ተቀራርበው ካገኘሻቸው፣ ማለትም ነፋስ ከሌለ፣ 28 ዲግሪውን አትፍሪው።

አንድ ነገር ግን ትንበያው አይነግርሽም፤ ቁልቁል ስትወርጂ ነፋሱን ራስሽ ትሠሪዋለሽ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የምትንሸራተት ሴት፣ ቅጠል በማይንቀሳቀስበት ቀን እንኳ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነፋስ ፊቷ ላይ አለ። ስለዚህ በብርድ ቀን ፍጥነት መቀነስና አጫጭር ቁልቁለት መምረጥ የጀማሪ ፍርሃት ተደርጎ አይታይ፤ የሙቀት አጠባበቅ ነው።

ያለ እንቅስቃሴ መቀመጥ ያልኩት ደግሞ ሊፍቱን፣ ወደ ተራራው ላይ የሚያወጣሽን በገመድ የተንጠለጠለ ወንበር ነው። «ስኪ የኢትዮጵያዊ ነገር አይደለም» የሚልሽ ካለ፣ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ በስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ መወዳደሩን አስታውሺው። ይሁንና የሮቤል ስኪ ሜዳና ዳገት እየገፉ ረጅም ርቀት የሚሄዱበት ነው፤ ሰውነት እንደ ሯጭ ያለማቋረጥ ሙቀት ያመነጫል። የአንቺ ስኪ ቁልቁል የሚወርዱበት ነው። ለጥቂት ደቂቃ ጡንቻሽ ይሠራል፣ ይሞቅሻል፣ ምናልባት ያልብሻል። ከዚያ ሊፍቱ ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፤ ወንበሩ አየር ላይ ተንጠልጥሎ እየሄደ፣ እግርሽ ከባድ ጫማና ስኪ ተሸክሞ ቁልቁል እየተንጠለጠለ፣ አሥር ደቂቃ ገደማ ያለ እንቅስቃሴ። በዕረፍት ላይ ያለ ሰው የሚያመነጨው ሙቀት 100 ዋት ገደማ ነው፤ በጉልበት ሲሠራ ብዙ እጥፍ ይጨምራል። ሰው የሚቀዘቅዘው ሲወርድ ሳይሆን ሲወጣ ነው፤ ለልብስ የምታወጪውን ገንዘብና ጥንቃቄ ለወንበሩ አድርጊው። ተሸፍኖ የሚዘጋ ካቢን ያለው ሊፍት ካለ በዚያ ቀን እሱን ምረጪ፤ ከሌለ ደግሞ አጭሩን። ወንበሩ ላይ ሳለሽ የጫማሽን ማሰሪያ ፈታ አድርጊ፣ ጣቶችሽን አንቀሳቅሺ፣ ጀርባሽን ለነፋሱ ስጪ።

ከፍታው አያስጨንቅሽ። የሌክ ልዊዝ ስኪ ሥፍራ መነሻው 1,650 ሜትር ገደማ ነው፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ጓደኞችሽ ሲያለከልኩ አንቺ እንደ ሰፈርሽ ልትተነፍሺ ትችያለሽ።

ስለ ከፍታ ካነሳን፣ የብርድ ቀን ደስታ ግማሹ ሰዓትና ቦታ መምረጥ ነው። ነፋስ በሌለበት ጥርት ያለ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ስለሚከብድ ወደ ሸለቆ ይወርዳል። የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያቃጥለው ረባዳው ማሳ ላይ ያለውን ሰብል ነው፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ይተርፋል። ሮኪ ተራሮች ላይም ያው ነው። ጠዋት የመኪና ማቆሚያው ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ሊፍቱ የሚያደርስሽ ከፍታ ላይ ብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ብዙ ሰው ሥር ያለውን ቁጥር አይቶ ይመለሳል፤ አንቺ ግን ሥፍራው በድረ ገጹ የሚያወጣውን የላይኛውንም የታችኛውንም ሙቀት ለይተሽ ተመልከቺ። ከላይ ሞቅ ካለና ነፋስ ከሌለ ላይኛዎቹ ቁልቁለቶች ላይ ዋይ። ነፋስ ካለ ተቃራኒው ነው፤ ወደ ዛፎቹ መካከል ውረጂ።

ሰዓቱን በተመለከተ ከስሜን ጭላዳዎች የተሻለ መምህር አላውቅም። ሳንቃበር ወይም ጨነቅ ያደረ ሰው ያውቃል፤ ሌሊቱን ገደል ላይ ያድራሉ፣ ጠዋት ወደ ሜዳው ይወጣሉ፣ ግን ወዲያው ሣር ነጨታ አይጀምሩም። ፀሐይ ወደሚያገኙበት ዞረው ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ሲሞቁ ነው ሥራ የሚጀምሩት። አንቺም ሊፍቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ተከፈተ ብለሽ አትሽቀዳደሚ። በዚያ ብርድ ወረፋ የለም፤ ሕዝቡ ቤቱ ነው። በደንብ ቁርስሽን ብዪ፣ ፀሐይ ተዳፋቱን እስክትይዘው ጠብቂ፣ ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ጀምሪ፣ ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ከመግባቷ በፊት ጨርሺ። ሁለት ወይም ሦስት ዙር ወርደሽ ለመሞቅ በሥፍራው ወዳለው ማረፊያ ቤት ትገቢያለሽ፤ ሳይበርድሽ መግባት ነው ቁም ነገሩ። በርዶሽ ከገባሽ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይፈጃል፣ ስትወጪም ያልሞቀ ጣት ይዘሽ ነው የምትወጪው። ከመግባትሽ በፊት ደጃፉ ላይ ልብስሽ ላይ ያለውን በረዶ አራግፊ። በዚያ ብርድ በረዶው እንደ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ ውጪ ሳለሽ አያረጥብሽም፤ ቤት ውስጥ ሲቀልጥ ነው የሚያረጥብሽ፣ ያኔ ስትወጪ የፋሲለደስ መጠመቂያን ልብስ ለብሰሽ ነው የምትወጪው።

ወደ ልብሱ እንምጣ። የጥጥ ነገር አይነካሽ። ጋቢ የምወደው ልብሴ ነው፤ ድርብርቡ የሚይዘው አየር ነው የሚያሞቀው፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። ጥጥ ላብ ሲነካው ግን ይጠጣል፣ ይተኛል፣ አየሩን ይለቃል። ቆዳሽን የሚነካው ከስስ ሱፍ ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ይሁን፤ ሱፍ እርጥበት ይዞም የተወሰነ ሙቀት ይጠብቃል፣ ለዚህ ነው የደጋ እረኛ በርኖስን የማይለቀው። በላዩ ወፈር ያለ ሹራብ፣ ከዚያ በላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ከቤት ስትወጪ ትንሽ ቀዝቀዝ ካለሽ አለባበስሽ ትክክል ነው፤ ሞቆሽ ከወጣሽ በመጀመሪያው ቁልቁለት ያልብሻል። የወንበሩን ብርድ ለመቋቋም ተጨማሪ ሙቅ ካፖርት ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ይዘው ሊፍቱ ላይ የሚደርቡ አሉ፤ ጣጣ ይመስላል እንጂ ጥሩ ልማድ ነው። ጋቢውን ግን ከካልጋሪ ስትነሺ መኪናው ውስጥ አድርጊው። ሌክ ልዊዝ ሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ መኪና በዚያ ብርድ መንገድ ላይ ቢቆም ደረቅ ጋቢ የሚያህል ነገር የለም።

እግር ላይ ሰዎች የሚሳሳቱት በደግነት ነው። ሁለት ካልሲ ይደርባሉ። የስኪ ጫማ ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ አይለጠጥም፤ ሁለተኛው ካልሲ ቦታ ሲያጣ እግሩን ይጨምቃል፣ ደም አይደርስም፣ ጣቶቹ ይቀዘቅዛሉ። አንድ ስስ የሱፍ ካልሲ በቂ ነው። እሱም ጠዋት ከቤት ለብሰሽው የመጣሽው አይሁን፤ መኪና ውስጥ ያልባል፣ ስለዚህ እዚያ ስትደርሺ ደረቁን ቀይሪ። ጫማው ሌሊቱን መኪና ውስጥ ካደረ ፕላስቲኩ ድንጋይ ይሆናል፤ እግር አይገባበትም፣ ከገባም ቀኑን ሙሉ አይሞቅም። መኝታ ክፍልሽ ይደር። የተከራየሽው ከሆነ ቤት ውስጥ አድርጊው እንጂ ተራራው ላይ ቆመሽ አትታገዪው። ስኪው ላይ ከመቆምሽ በፊት የጫማውን ሶል ጥረጊ፤ የተጣበቀ በረዶ ጫማውን ከስኪው ጋር የሚያያይዘው ማሰሪያ በትክክል እንዳይያዝ ወይም ስትወድቂ በጊዜው እንዳይፈታ ያደርጋል።

ለእጅ፣ ጣቶችን የሚለያይ ጓንት ያምራል፤ አራቱን ጣት በአንድ ክፍል የሚይዘው ያሞቃል። በውስጡ ስስ ጓንት ልበሺ፤ ዚፕ ለመዝጋት ትልቁን ስታወልቂ ባዶ እጅ አትቀሪም። እንደ ትንሽ ከረጢት የሚሸጡት የእጅ ማሞቂያዎች በውስጣቸው የብረት ዱቄት አላቸው፤ አየር ሲነካው ይዝጋል፣ ሲዝግ ሙቀት ይሰጣል። ስለዚህ ከመውጣትሽ በፊት ከፍተሽ አየር አስነኪያቸው። ጫማ ውስጥ አየሩ ትንሽ ስለሆነ ብዙም አይረዱም፣ ቦታም ይሻማሉ። እጅሽ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መድኃኒቱ ሁልጊዜ እጅ ላይ አይደለም። ሰውነት ደረትና ሆድ ሲበርደው ልብንና ሳንባን ለማዳን የጣቶችን ደም ይቀንሳል፤ ደረትሽን ስታሞቂ ደሙ ይመለሳል። ቶሎ ካስፈለገ ቆመሽ ክንድሽን ከትከሻ ጀምሮ በኃይል እንደ መንኮራኩር አዙሪ፤ ደሙ ወደ ጣቶች ጫፍ ይገፋል። ሰው ቢስቅብሽ ይሳቅ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደምፈልገው ጉዳይ ልምጣ፤ የፈረንጅ ሐኪሞች ለፈረንጅ ሲጽፉ ብዙ ጊዜ ያልፉታል። ጣት በብርድ ውስጥ ሲቆይ ደም ስሮቹ ይጠባሉ፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ግን ለጥቂት ደቂቃ ይከፈቱና ሙቀት ይልካሉ፣ እንደገና ይጠባሉ። ይህን ብሪታንያዊው ሐኪም ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1930 ገልጾታል። ይህ የመከፈት ምላሽ በአፍሪካ ዝርያ ሰዎች ላይ ደከም እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከተዋጋበት የኮሪያ ጦርነት ጀምሮ በአሜሪካ ጦር፣ በኋላም በእንግሊዝ ጦር የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት ውጤት ተመሳሳይ ነው፤ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው አንድ ቦታ ከዋሉ ወታደሮች መካከል ጥቁሮቹ የውርጭ ጉዳት ይበልጥ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ካናዳዊት ጓደኛሽ «እኔ አልበረደኝም፣ አንድ ዙር እንጨምር» ስትል የእሷ ጣት ለአንቺ ጣት ምስክር አይሆንም። እፍረት አይሰማሽ፤ አንቺ ከእሷ ቀድመሽ ትገቢያለሽ፣ አለቀ።

ሁለተኛው ነገር መልኩ ነው። መጻሕፍቱ «ነጭ ቦታ ፊት ላይ ፈልጉ» ይላሉ። በእኛ ቆዳ ላይ ያ ነጭ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ የሚታየው የደበዘዘ፣ አመድ የነካው የሚመስል፣ ወዝ ያጣ ቦታ ነው፣ በአፍንጫ ጫፍ፣ በጉንጭ አጥንት፣ በጆሮ ጠርዝ። ለጓደኞችሽ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በየሊፍቱ አንዳችሁ የአንዳችሁን ፊት ስትመለከቱ ምን እንደሚፈልጉ ይወቁ። ራስሽም ፊትሽን ጨማድጂና ፍቺ፤ አፍንጫሽ ወይም ጉንጭሽ አልታጠፍ ካለ ወዲያው ግቢ። የጣት ሕመም ደግሞ ወዳጅሽ ነው። የሚጠዘጥዝ ጣት ገና ሕያው ነው። መጠዝጠዙ ሳትሞቂ በራሱ ከቆመ ሰዎች «ተላመድኩት» ይላሉ፤ አልተላመዱትም፣ ስሜቱ ጠፍቶ ነው። በዚያች ደቂቃ ቀኑ አብቅቷል።

ፊትን በተመለከተ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን ከውርጭ አያድንም። ይልቁንም የተሸፈነ ስለሚመስል ሰው መሸፈኑን ይተወዋል። አፍንጫና ጉንጭ የሚሸፍን ጨርቅ ልበሺ፤ ጫፉ ግን ከመነጽሩ ሥር አይግባ፣ ትንፋሽሽ ወደ ላይ ወጥቶ መነጽሩን ያጨልመዋል፣ ከዚያም እዚያው ላይ በረዶ ይሆናል። መነጽሩን ግንባርሽ ላይ አትስቀዪው፤ የግንባር ላብ ነው የሚያበላሸው። ትንፋሽ ያረጠበው ጨርቅ ከሰዓታት በኋላ ቆርቆሮ ስለሚሆን መለወጫ ያዢ። የጆሮ ጌጥ ከቤት ይቅር፤ ብረት ቅዝቃዜን ቀጥታ ወደ ሥጋ ያስተላልፋል። ሹሩባ ከተሠራሽ ለጥምቀት ያማረው ወፍራም ጉንጉን ከሄልሜት ሥር አይገባም፣ ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ጆሮሽን ያጋልጠዋል። ተለጥፎ የሚሠራውን ቀጭን አሠሪና ከሹሩባው ጋር ሄልሜት ለኪ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግን ተቀቢ፤ አዲስ በረዶ የፀሐይን ጎጂ ጨረር አብዛኛውን ወደ ላይ ይመልሰዋል፣ ጥቁር ቆዳም ከንፈርም ይቃጠላሉ።

በረዶው ራሱም ሌላ ጠባይ አለው፤ ጓደኞችሽ የሚወዱት ይህን ነው። ስኪ የሚንሸራተተው ሰበቃው በበረዶው ገጽ ላይ እጅግ ስስ የሆነ የእርጥበት ንጣፍ ስለሚፈጥር ነው። በከባድ ብርድ ያ ንጣፍ ይሳሳል፣ የበረዶው ቅንጣትም ጠንካራና ስለታም ይሆናል፤ ስለዚህ ስኪው እንደሌላው ቀን አይሮጥም፣ ከሥርሽም ሲጮኽ ትሰሚዋለሽ። ለፈጣኖቹ ይህ ቅሬታ ነው፤ ለአንቺ በረከት ነው። ባለፈው ዓመት ትንሽ ያስፈራሽ የነበረ ቁልቁለት ዛሬ ፍጥነት ስለማይሰጥ በእርጋታ መታጠፍ ትችያለሽ፤ ጠርዙ ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ አያንሸራትትሽም። ከተከራየሽበት ቦታ ለብርድ የተሠራ ጠንካራ ሰም እንዲቀቡልሽ ጠይቂ፤ ለሞቃት ቀን የተቀባ ስኪ በዚያ ብርድ አሸዋ ላይ የመጎተት ያህል ነው። ሜዳማ ቦታ ላይ አትቁሚ፤ እንደገና መነሳት ድካም ነው፣ ድካም ላብ ነው። ዕድል ካለሽ ደግሞ ጥርት ባለው አየር ላይ ጥቃቅን የበረዶ ስባሪዎች ተንሳፍፈው ፀሐይ ሲነካቸው ያብለጨልጫሉ፤ በፀሐይዋ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ብርሃኖች ይታያሉ። ይህ በከባድ ብርድ እንጂ በለስላሳ ቀን እምብዛም አይገኝም፤ ቁልቁለቱም ባዶ ነው። እኔ ከቤት የምወጣው ለዚህ ነበር።

ቀደም ብዬ መጥቀስ የነበረብኝ አንድ ታሪክ አለ፤ ለእናትሽ ንገሪያቸው። በስድስተኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ መንገደኛ ከአዱሊስ ወደብ የገለበጠው የአክሱም ንጉሥ ጽሑፍ፣ ንጉሡ የስሜንን ሕዝብ ሊወጋ ሲወጣ ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዶ መሄዱን ይናገራል። ዛሬ ራስ ዳሸን ላይ የሚጥለው በረዶ ቶሎ ይቀልጣል፤ ግን «በረዶ የፈረንጅ ነው» የሚለውን ክርክር ጽሑፉ ያፈርሰዋል።

ስለ ምግብ አጭር ልበል። ቆሎ ኪስሽ ውስጥ ያዢ፤ ደረቅ ስለሆነ በረዶ አይሆንም፣ ቸኮሌት ግን ጥርስ ይሰብራል። ችግሩ በዚያ ወፍራም ጓንት አይቆነጠርም፤ ቤት ስትገቢ ብዪው። በሶም ጥሩ ነው፤ ጭብጦውን ወደ ደረትሽ አስጠግተሽ ያዢ። ውኃ በፕላስቲክ አትያዢ፤ በፔርሙስ ሻይ ይዘሽ ጠጪ፣ ደረቅ አየር ሳታውቂው ያደርቅሻል። አረቄ ደረትን የሚያሞቅ የሚመስለው የቆዳን ደም ስሮች ስለሚከፍት ነው፤ የሚወጣው ሙቀት ያንቺው ነው፣ ማታ ሆቴል ገብተሽ እንጂ ቀን ላይ አይሁን። ጾም ከሆነ የንስሐ አባትሽ ጉዳይ ነው፤ እኔ የምለው ባዶ ሆድ ያለው ሰው ሙቀት የሚያመነጭበት ነዳጅ የለውም፣ ስለዚህ ጉዞውን ከረቡዕና ከዓርብ ውጪ አድርጊው።

ቆዳ ደብዝዞ ከደነዘዘ ቤት ገብተሽ በሰውነት ሙቀት አሙቂው፤ ጣትን ብብት ሥር፣ አፍንጫን በሞቀ መዳፍ። አታሺው፤ በበረዶ ማሸት የሚባለው የድሮ ምክር ጉዳት ብቻ ነው። ምድጃና ማሞቂያ ላይ አታስጠጊው፤ ስለማይሰማሽ ትቃጠያለሽ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀለሙና ስሜቱ ከተመለሰ ዳንሽ፤ ሲመለስ ያማል፣ ማመሙ ደግ ነው፣ ግን የዚያ ቀን ስኪ አብቅቷል፤ ያ ቦታ እንደገና ሊመታ ዝግጁ ነው። ከደረቀ፣ ሰም ከመሰለ፣ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ። እዚያ ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ባለ ውኃ ይነክሩታል። ሳትዘገዪ ሂጂ፤ ደም መርጋትን የሚያሟሙት መድኃኒቶች የሚረዱት በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው። ከመካከላችሁ አንዱ ምላሱ ከተያያዘ፣ እጁ ዕቃ ከጣለ፣ ያለ ምክንያት ከተነጫነጨ ሰውነቱ ውስጡ ድረስ እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል፤ አትከራከሩት፣ አስገቡት፣ ለሥፍራው የድንገተኛ ረዳቶች ንገሩ።

ስለ ጓደኛሽ አስም። ቀዝቃዛና ደረቅ አየር በጉልበት ሲተነፈስ የአየር ቧንቧውን ያጠብባል። ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር፤ ብዙዎቹ ከእንቅስቃሴ ትንሽ ቀደም ብለው የሚረጨውን መድኃኒት እንዲወስዱ ይታዘዛሉ። መድኃኒቱ በውጭ ኪስ ከተያዘ በብርድ ግፊቱ ስለሚቀንስ በሚያስፈልግበት ሰዓት በትክክል ላይረጭ ይችላል፤ በውስጠኛው ልብስ ኪስ፣ ከሰውነቷ ጋር ይሁን። አፍና አፍንጫዋን የሚሸፍን ጨርቅ የሚገባውን አየር ያሞቃል፣ ያረጥባልም። ቀስ ብላ ትጀምር፣ ብቻዋን ሊፍት ላይ አትቀመጥ። በዚያ ሳምንት ሌሊት እያሳላት ወይም ጉንፋን ይዟት ከሆነ ግን 28 ዲግሪው ለእሷ አይሆንም። ካልጋሪ ላይ ሺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ሲመጣ ሙቀቱ በሰዓታት ውስጥ 20 ዲግሪ ሊጨምር ይችላል፤ የያዛችሁት ቦታ ቀኑን ማዛወር የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቁና እሷ የምትሄድበትን ቀን ለዚያ አቆዩላት።